ሙሴ የወደቀበት ዓመት

ቤሪል ታግ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በብራክደን መንደር ደብዳቤ አድላለች። የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ ማን የልጁን ደብዳቤ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ማን ደግሞ ከመንግሥት የመጣ ፖስታ ሲያይ መጋረጃ ጀርባ እንደሚደበቅ ታውቃለች። ባል አላገባችም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት "በየበሩ ስዞር አየኋቸው እኮ" ትላለች። ጡረታ ስትወጣ እግሯ አረፈ እንጂ ዓይኗ አላረፈም፤ አሮጌ ፎቶግራፍ መሰብሰብ ጀመረች።

መንደሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ በሞተ ቁጥር ልጆቹ ከከተማ ይመጡና ቤቱን በሁለት ቀን ያራግፉታል። ወንበሩ ይሸጣል፣ የግድግዳው ሰዓት ለታላቁ ይደርሳል፣ ፎቶግራፉ ግን "እነዚህን አሁን ማን ያውቃቸዋል?" ተብሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ቤሪል ይህን ስታይ ደሟ ይፈላል። አንድ ቀን እንዲያውም እስከ ወገቧ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብታ ሙሽሮችንና የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ስታወጣ የሟች ምራት አየቻትና ፖሊስ ልጠራ ነው አለች። "ጥሪ! የባልሽም አያት እዚሁ ውስጥ ናት" አለቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ የጫማ ካርቶን ሞላ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ፎቶዎቹ የመንደሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ከየፎቶው ሥር ባዶ ወረቀት ይለጠፋል፣ ከጎኑ እርሳስ በክር ይንጠለጠላል። ሰው ሻዩን ይዞ እየዞረ የሚያውቀውን ስም ይጽፋል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ማጥፋት አይቻልም፣ ያልተስማማ ከሥሩ ይጻፍ። ስለዚህ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች ሴት ሥር "አክስቴ አይዳ" ይላል፤ ዝቅ ብሎ "አይዳ እንዲህ ቀጥና አታውቅም"፤ ከዚያም ሥር "አንተ የራስህን ሆድ እይ"። ብራክደን ውስጥ ፊት ለፊት የማይሰደብ ሰው በእርሳስ ይሰደባል።

ከሁሉም ፎቶ ፊት ሰው የሚጋፋው ግን በ1961 የተነሳው ፊት ነው። ቤሪል በየዓመቱ ያንን ፎቶ የምትሰቅለው ከሁሉም በኋላ ነበር። ምክንያቱን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የሆዷን በሆዷ ይዛ ስልሳ ሁለት ዓመት ኖራለች።

ብራክደኖች በየበጋው የመንደራቸውን ምንጭ በአበባ ያለብሳሉ። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሳንቃ ላይ ጭቃውን እንዲይዝ ብዙ ምስማር ይመቱበትና በወፍጮ ቤቱ ኩሬ ውስጥ ብዙ ቀን ይዘፈዝፉታል። ደረቅ ሳንቃ የጭቃውን እርጥበት ይመጠዋልና ነው። ከዚያ በጨው የታሸ የሸክላ ጭቃ ይለጠፍበታል፤ ጨው ጭቃው ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል። በመጨረሻ ሴቶቹ የአበባ ቅጠል አንድ በአንድ እየተጫኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታሪክ ይሥላሉ። በዚያ ዓመት ሥዕሉ ዓለቱን በበትር መትቶ ውሃ የሚያፈልቀው ሙሴ ነበር፤ የሥራው አለቃ ደግሞ አናጢው ዊልፍ ራግ።

ቤሪል ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። እሷና የዊልፍ ልጅ ኖርማ ጎተራ ውስጥ በባዶ እግራቸው ጭቃ ይረግጡ ነበር፤ ሁለት ገንዳ ጭቃ፣ ለየገንዳው አንድ ከረጢት ጨው። ኖርማ እናቷ ጠርታት ስትሄድ ጨው መጨመሩ ለቤሪል ቀረ። የመጀመሪያውን ጨመረች። በመሃሉ የአይስክሬም መኪና ደወል ተሰማና ሮጠች።

ቅዳሜ ዕለት መንደሩ በሙሉ ምንጩ ዘንድ ተሰበሰበ። ጳጳሱ ከከተማ መጡ፣ የናስ ባንዱ ነፋ፣ የጎረቤት መንደር የካርስሊ ሰዎች ሳይቀሩ እንከን ፍለጋ መጥተው ነበር። ጳጳሱ ለቡራኬ እጃቸውን ሲያነሱ የሙሴ ፊት ከነጺሙ ዘጭ ብሎ ምንጩ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ በትሩ፤ ቀጥሎ ዓለቱ። የጋዜጣው ፎቶ አንሺ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና በዚያችው ቅጽበት አነሳው፤ ጳጳሱ አፋቸውን ከፍተው፣ ሙሴ ያለ ራስ።

"ጨው ረስተዋል!" አለ አንዱ የካርስሊ ሰው። ዊልፍ ራግ ባርኔጣውን አወለቀና "ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። ቤሪል ወደ ጎተራው ሮጣ ሁለተኛውን ከረጢት ከበሩ ጀርባ አገኘችው፤ አልተከፈተም። ወንዝ ውስጥ ጣለችው። ዊልፍ ከዚያን ቀን ወዲያ ጭቃ ሳይነካ በ1988 ሞተ። ካርስሊዎች እስከ ዛሬ ብራክደኖችን ሲያገኙ "ሙሴያችሁ ዋና ተማረ ወይ?" ይላሉ። ከፎቶው ሥር ባለው ወረቀት ላይም በየዓመቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ "ዊልፍ ራግ ጨው የረሳበት ዓመት" ብሎ ይጽፋል። ኖርማ በየዓመቱ ታነበዋለች፤ ሻይዋን ፉት ትልና ታልፋለች። ቤሪል ደግሞ ጓደኛዋ ስታነብ ታያለች። አቶ ራግ ለእኔ ሲሉ ነው ያፈሩት፣ ትላለች በልቧ።

እርሳስ ግን እርሳስ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ሊጻፍ ይችላል። ዘንድሮ ነገሩ ከፋ። የመንደሩ ኮሚቴ የፎቶዎቹን መጽሐፍ ለማሳተም ወሰነ፤ ከየፎቶው ሥር የሚገባውን ጽሑፍ የምታዘጋጀው ቤሪል ናት፤ አታሚው ሰኞ ይፈልገዋል። መጽሐፍ ላይ የታተመ ነገር እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ይሄዳል። ዝም ካለች የሞተን ሰው ስም በገዛ እጇ ልታጠፋ ነው፤ ከተናገረች ደግሞ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ያለቻትን ብቸኛ ጓደኛዋን ልታጣ ነው።

የዐውደ ርእዩ ቀን ጠዋት በአዳራሹ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ኖርማ ኪያር እየከተፈች ዳቦ ውስጥ ታስገባለች።

"ቂቤውን በደንብ ቀቢው እንጂ" አለች ኖርማ፤ "ባለፈው ዓመት ቄሱ ደረቀብኝ ብለው አሙን።"

"ኖርማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።"

"ታምሜያለሁ እንዳትዪኝ ብቻ። ዘንድሮ ቀብር ሰልችቶኛል።"

"አልታመምኩም። ጨዉን የረሳሁት እኔ ነኝ።"

"የቱን ጨው? ቂቤው ጨው አለው።"

"የሙሴን።"

ኖርማ ቢላዋውን አስቀመጠች። ቤሪል አላቆመችም፤ ካቆመች እንደማትጨርሰው ታውቃለች። አይስክሬሙን፣ ከረጢቱን፣ ወንዙን ሁሉ ተናገረች። "አባትሽ የእኔን ጥፋት ተሸክመው ነው የሞቱት። ምንም ብትዪኝ ይገባኛል" አለች።

ኖርማ ከጠረጴዛው ተነሳች። ሽርጧን ፈታች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ወጣች። የበሩ ድምፅ አዳራሹን ሞላው።

ቤሪል ከግማሽ ኪያር ጋር ብቻዋን ቀረች። ሰው መምጣት ጀመረ፤ ሻይ ቀዳች፣ ስኳር አቀረበች፣ ምን እንዳሉዋትና ምን እንደመለሰች አታውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እሷ ግን የጠራ ነገር አልታያትም። ስልሳ ሁለት ዓመት ዝም ያለች ሴት ሁለት ቀን መጨመር አቅቷት ጓደኛዋን አጣች፣ ይህ ነበር የታያት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ኖርማ አይደለችም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኖርማ ገባች። ዝናብ መቷታል፣ በብብቷ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። ማንንም ሰላም ሳትል ቤሪልን በክንዷ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተቻትና በሩን ዘጋች።

"ተቀመጪ" አለች።

"ቆሜ ልስማው።"

"ተቀመጪ አልኩሽ፣ አንቺ ደረቅ!"

ቆርቆሮውን ከፈተች። ከአዝራርና ከአሮጌ ቁልፍ መሃል አንዲት ትንሽ ፎቶ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አደረገች። የመንደሩ የክሪኬት ሜዳ ነው። ነጭ የለበሱ ወንዶች ተደርድረዋል፤ በመሃላቸው ዊልፍ ራግ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ከኋላቸው ፀሐይ ላይ አንድ ትልቅ የውጤት ሰሌዳ ቆሟል፤ የቆርቆሮ ቁጥሮች በምስማር ተንጠልጥለውበታል። ቤሪል መነጽሯን አስተካክላ አየች። ሰሌዳው ላይ ያለው ምስማር ለቁጥር ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በመቶ የሚቆጠር ምስማር። እንዲህ ያለ ሳንቃ ብራክደን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር።

"ይሄማ…" አለች ቤሪል።

"ጀርባውን አንብቢ።"

በፎቶ አንሺው እጅ "ቅዳሜ፣ ጁን 10፣ 1961" ይላል። ሙሴ ከመውደቁ ልክ አንድ ሳምንት በፊት።

"የክለቡን ሰሌዳ ነፋስ ሰብሮት ነበር" አለች ኖርማ። "አባዬ ደግሞ ካርስሊን ያለ ሰሌዳ አንገጥምም ብሎ የምንጩን ሳንቃ ከኩሬው አውጥቶ ሜዳ ላይ አቆመው። ማታውኑ እመልሰዋለሁ ብሎ ነበር። ከጨዋታው በኋላ መጠጥ ቤት ገቡ። በማግስቱ እሁድ ነው፤ በሰንበት ሳንቃ መሸከም ደግሞ ለአባዬ ከነፍስ ግድያ እኩል ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ከረመ። ሰኞ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነክሮ አወጣውና 'ይበቃዋል' አለ። በ1976 ጨው አጥተን ሳንቃውን በሙሉ ያለ ጨው ሠራነው፤ ምን ሆነ? ምንም! ጭቃውን የጣለው የደረቀ ሳንቃ ነው፣ ቤሪል። አባዬ ጥፋቱ የእኔ ነው ሲል እኮ እውነቱን ነው የተናገረው።"

ቤሪል ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ስልሳ ሁለት ዓመት የሰው ደግነት ነው ብላ የተሸከመችው ነገር ተራ እውነት ነበር ለካ።

"ታዲያ ጨው ረስተዋል ሲሏቸው ለምን ዝም አሉ?"

"ጨው መርሳት ይሻላላ! የምንጩን ሳንቃ ለክሪኬት አውሎታል ቢባል ጸሎት ቤት ያስገቡት ነበር? ሲሞት ይሄን ፎቶ መሳቢያው ውስጥ አገኘሁትና ደበቅሁት። ከዚያ አንቺ ካርቶንሽን ይዘሽ ተነሳሽ። ሌላ ቅጂ አግኝተሽ ትሰቅይው ይሆን እያልኩ በየመስከረሙ ነፍሴ አታርፍም። ቀድሜ የምመጣው ለኪያሩ መሰለሽ እንዴ? ግድግዳውን ለማየት ነው!"

"እኔ ደግሞ ያንን ወረቀት ስታነቢ የምትጠዪኝ ይመስለኝ ነበር።"

"እኔ ወረቀቱን ሳነብ ደስ ነበር የሚለኝ፣ አንቺ ሞኝ! ጨው እያሉ እስከጻፉ ድረስ ሳንቃውን አላወቁም ማለት ነው።"

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ቤሪል ናት። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ከለቅሶው ተመለሰ፤ ኖርማ የወጥ ቤቱን ፎጣ ሰጠቻት። ቤሪል ዓይኗን እየጠረገች ደረቷን ነካች። እዚያ ቦታ የነበረው ነገር የለም። እንዲህ ቀላል ሆና መተንፈስ እንደሚቻል ረስታው ነበር።

ኖርማ ፎቶዋን ይዛ ወጣችና ማንንም ሳታስፈቅድ ከሙሴ ጎን በመርፌ ቁልፍ ሰካችው። ሰው ተጋፋ። በከዘራው መንገድ እያስከፈተ የመጣው ሰድሪክ ሎማስ ነበር፤ ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ፎቶው ላይ ዳር የቆመው ቀጭን ጎረምሳ እሱ ነው። አፍንጫውን ወደ ፎቶው አስጠግቶ ብዙ ቆየ።

"ቁጥሮቹን የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ" አለ። "ሳንቃውን ስንሸከም ትከሻዬ ተልጦ ነበር። ዊልፍ ለማንም እንዳልተናገር በመጽሐፍ ቅዱስ አስማለኝ።"

"ታዲያ ጨዋታው እንዴት ነበር?" አለች ኖርማ።

"ድባቅ ተመታን! አባትሽማ በመጀመሪያዋ ኳስ ነው የወጣው።"

"ተሸነፋችሁ?" ኖርማ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ጳጳስ አሳፍራችሁ፣ ሙሴን አንገቱን ቀልታችሁ፣ እኔን ሠላሳ አምስት ዓመት እንቅልፍ ነስታችሁ፣ ይሄንኑ ጨዋታ እንኳን አላሸነፋችሁም?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰድሪክም ከዘራው ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ።

ቤሪል ያቺን በክር የተንጠለጠለች እርሳስ ያዘች። "1961። ሳንቃውን ዊልፍ ራግ አደረቀው፤ ጨዉን ቤሪል ታግ ረሳችው" ብላ ጻፈች። ኖርማ እርሳሱን ነጠቀቻትና ከሥሩ "ጨዋታውም ተሸነፍን" ብላ ጨመረች። ሰኞ ዕለት ቤሪል ሁለቱንም መስመር አንድም ቃል ሳትነካ ለአታሚው ላከችው።