ሳህኑን ወርውሪው ያሉኝ ሴት

ያሰሩን በጠራራ ፀሐይ ነው። የሥራ ባልደረቦቻችንን ከአገር ሊያስወጣ የጫነው አውቶቡስ እንዳይንቀሳቀስ የስደተኞች ማቆያው ግቢ በር ላይ ተቀምጠን ነበር። እኔ የምኖረው ባሕር ማዶ፣ ቡሪየን በምትባል ከተማ ነው፤ ኤርፖርት አውሮፕላን አጸዳለሁ። ከተጫኑት አንዷ ለዓመታት ከጎኔ መቀመጫ ስትጠርግ የኖረች ሴት ናት። ፖሊሱ እጄን ወደ ኋላ ጠምዝዞ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሲያስረኝ አውቶቡሱ በጓሮ በር ወጣ። መስኮቱ ጥቁር ስለነበር ፊቷን አላየሁትም።

ያሰሩን ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል። የሲሚንቶ አግዳሚ፣ መጋረጃ የሌለው የብረት ሽንት ቤት፣ ከጣሪያው ደግሞ የማያባራ ቀዝቃዛ አየር። ሹራባችንን ወስደውብናል። አብረውኝ ከገቡት ሁለቱን አልረሳቸውም። አንዷ ፌደራል ዌይ ከተማ የምትኖር፣ አረጋውያንን በየቤታቸው የምትንከባከብ ያገሬ ልጅ ናት። ሌላዋ ብርቱካናማ ልብስ የለበሱ ሕንዳዊት አሮጊት ነበሩ። ወደ ኤቨረት ከተማ በኩል ባለ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ያስተምራሉ። ሰዎቻቸው «ማታጂ» ይሏቸዋል፤ እናታችን እንደማለት ነው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ቢሆንም በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

ወለሉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አናደዱኝ።

«እንዴት ያስችልዎታል?» አልኳቸው። «ሰው እንደ ዕቃ ተጭኖ ሄደ እኮ!»

ዓይናቸውን ገለጡ። «እኔም ተናድጃለሁ» አሉ። «ንዴቴ እንዳይነዳኝ ነው የምቀመጠው። በእኛ እምነት ነጻነት የሚጀምረው ራስን ከመግዛት ነው። ራሱን ያልገዛ ሰው አብዮት ቢመራ ወንበሩን ይይዛል እንጂ ወንበሩን አይለውጠውም።»

ይህን የምሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ። አገር ቤት በአብዮቱ ጊዜ አባቴን ያሰሩት ትናንት አብረውት ሲፈክሩ የነበሩ ጓዶቹ ናቸው። ሕፃን ሆኜ ስንቅ አመላልሻለሁ። እውነቱን ስለማውቀው ነው መሰለኝ የባሰብኝ።

«ድሃውን ዝቅ ብለህ ተወለድክ፣ ስትሞት ከፍ ብለህ ዳግም ትወለዳለህ እያሉ ያስቀመጡትም እኮ የእርስዎ መምህራን ናቸው!» አልኳቸው።

ይከራከሩኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «አዎ፣ አድርገዋል» አሉ። «በዓለም ሁሉ ፊት የማፍርበት ነው። ስለዚህ መምህር ነኝ የሚል ሰው መጀመሪያ እሱ ይታሰር፣ መጀመሪያ እሱ ይራብ እላለሁ። ሌላውን ልኮ እሱ ቤተ መቅደስ የሚቀር መምህር አይደለም።»

ያገሬ ልጅ ከአግዳሚው ላይ ሆና «እህቴ፣ ውኃ ጠማኝ» አለችኝ። ከቧንቧው ጠጣች፤ ደግማ ጠጣች። የስኳር በሽተኛ መሆኗን የነገረችኝ ያኔ ነው። ኢንሱሊኗ የወሰዱባት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሲያስገቧት ነግራቸዋለች።

በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው በትንሿ መስኮት አየኝ።

«ነርስ ተጠርታለች። ጠብቁ።»

ጠበቅን። በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጅቷ ሸሚዟ ላይ አስመልሳ፣ ሩጫ ላይ እንዳለች ታለከልካለች። «ኦኬ ነኝ፣ አትጨነቂ» ትለኛለች፤ ከንፈሯ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጠባቂው ምግብ ይዞ ሲመጣ አያትና «ሰክራ ነው እንዴ የገባችው?» አለ። አጠገቡ ያለው ሳቀ።

ሳህኑን ከፍ አድርጌ ያዝኩት። በበሩ ቀዳዳ ፊቱ ላይ ልወረውረው ነበር። እስከ ዛሬ እጄ ያን ክብደት ያውቀዋል።

ማታጂ አጠገቤ ቆሙ። እጄን አልያዙኝም። «ወርውሪው» አሉ ቀስ ብለው። «ከዚያ በኋላ የሚያወሩት ስለ ሳህኑ ነው። ስለ እሷ የሚያወራ አይኖርም።»

ከዚያ የራሳቸውን ሳህን በቀዳዳው መልሰው አወጡና ጠባቂውን ዓይን ዓይኑን እያዩ «መድኃኒቷ እስኪመጣ አልበላም፤ ስትቆጥረን ቁሚ ብትለኝም አልቆምም። አልጠላህም። ግን አልታዘዝህም» አሉትና በሩ ሥር ተቀመጡ።

ጠባቂው እንዲነሡ ጮኸ። አልተነሡም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ብርድ! እኔም ሳህኔን መልሼ አወጣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ሴቶችም አንድ በአንድ ተከተሉ። ማንም አልጮኸም። በመጨረሻ ኃላፊያቸው መጣ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ የልጅቷን በሽታ ነገርነው። ሌላ ቃል አልጨመርንም። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ነርሷ ያኔ በሩጫ መጣች።

ነርሷ ገና ስታያት ሆስፒታል አለች። ጠባቂው ተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ ገባና «ቶሎ፣ ቶሎ!» ይለን ጀመር። አንድ ቀን ሙሉ ያልቸኮለ ሰው!

እጅጌዬን ውኃ ነክሬ የልጅቷን አፍና አገጭ ጠረግኩ። ፊቷ ላይ የተበተነውን ጸጉሯን ሰብስቤ ወደ ኋላ አሰርኩላት። የወለቀ ጫማዋን አጠለቅኩላት። ነርሷ ምርመራዋን እስክትጨርስ የሚበቃኝ ጊዜ ነበር፤ የእሱን «ቶሎ» ግን አልሰማሁም። ከዚያ ቀና ብዬ «አሁን ውሰዷት። ስሟንም ጠይቋት» አልኳቸው።

ልጅቷ ዳነች። ሐኪሞቹ «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ...» ብለዋታል፤ ከዚያ በላይ ልትነግረኝ አትወድም። እኛ ተፈታን፤ ክሱም ቀረ። ጠባቂው እዚያው ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። በአውቶቡሱ የሄደችው ባልደረባዬ አልተመለሰችም።

ንዴቴ አልበረደም። ማታጂን ልጠይቃቸው ስሄድም ነገርኳቸው። «እኔ ተረጋጊ አላልኩሽም» ብለው ሳቁ። ሂንዱ አልሆንኩም፤ እሳቸውም አልጋበዙኝም። ዛሬ ግን የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተወካይ ስንመርጥ፣ ማይክ ይዞ የሚያስጨበጭበውን ሰው አዳምጬ ስጨርስ፣ የጠላውን ሰው እንዴት እንደሚያናግረው አያለሁ። ብዙ ጊዜ ድምፅ ለመስጠት እጄን ሳላወጣ እቀራለሁ።