ከሃያዎቹ ሰባተኛዋ

እናቴ ሥዕሎቼን አትወድም። አትወድም ማለት እንኳ ይቀላል፤ እንግዳ ሲመጣ ታፍርባቸዋለች። «ሰው የለበት፣ ዛፍ የለበት፣ ቅዱስ የለበት፤ እንዲያው ቀለም! ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ የባጃጅ መለዋወጫ ስትሸጪ የምትውይው?» ትለኛለች። ሱቄ ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ ከጎንደሩ የሚገነጠልበት ጋ ነው። ከሱቁ የተረፈኝን ለዓመታት ያጠፋሁት ስክሪን ፕሪንት በመሰብሰብ ነው፤ አይቆጨኝም!

ሥራው ዛሬም ድረስ ይገርመኛል። ሠዓሊው ምስሉን የያዘ ስስ ጨርቅ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጥርና ቀለሙን በጎማ እየገፋ፣ በጨርቁ አሳልፎ ወረቀቱ ላይ ያትማል። ሌላ ቀለም ሲፈልግ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል። ሃያ ወረቀት ካተመ በኋላ ጨርቁን አጥቦ ምስሉን ያጠፋዋል። በቃ! ዓለም ቢገለበጥ ሃያ አንደኛ የለም።

የኔዋ ሰባተኛዋ ናት፤ ከግርጌዋ በእርሳስ ተጽፎባታል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፤ ሌላ ምንም የለባትም። ቢጫው ከሰማያዊው ሥር ይሁን ከላዩ ግን ስንት ዓመት አይቼ አልለየሁትም። ጠዋት ከሥር ነው እላለሁ፣ ማታ የለም ከላይ ነው እላለሁ። እሷን እያየሁ ስንት ሻይ ቀዘቀዘብኝ! የከሰዓት ፀሐይ እንዳያደበዝዛት፣ የጎረቤታችን የሩዝ ወፍጮ ብናኝም እንዳያርፍባት ነጭ መጋረጃ ሰፋሁላት።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ፣ የሥዕል ዋጋ የሚገምት ባለሙያ ከባሕር ዳር መጥቼ ላያት አለኝ። የመሸጥ ሐሳብ የለኝም። የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ የተማረ እንግዳ ሰው «ይህች ትልቅ ሥራ ናት» ይበልልኝና፣ እናቴ በጆሮዋ ሰምታ ልጇ እብድ አለመሆኗን ትወቅ! ወረቀቱን በቅርብ ይመረምራልና የተሸፈነችበትን መስታወት አስቀድሜ አወለቅሁት።

ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው የነፍስ አባታችን ቤት ሊባርኩ መጡ። ጸሎት አድርሰው፣ ጠበሉን እናቴ በሳህን ይዛላቸው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየረጩ ዞሩ። መጋረጃዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እኛ አገር ቤት ውስጥ መጋረጃ የሚለብስ የቅዱሳን ሥዕል ነው፤ ይህን እንዴት እንደረሳሁት!

«የማን ሥዕል ናት ልጄ? እስቲ ልሳለማት» አሉኝ።

እናቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ። እኔም «አባቴ፣ እሷ እንኳ...» ስል፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው ገልጠው በሌላው ረጩባት። ጠብታዎቹ ሰማያዊው ላይ ሲያርፉ አየሁ። «ኧረ በእመቤቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ብለው በደንብ ያዩዋት። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ «አበስኩ ገበርኩ... ይህን ሰው ነው የሠራው?» አሉ በቀስታ። መጋረጃውንም ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ በጥንቃቄ መለሱት።

በማግስቱ ገማቹ መጣ። በማጉያ መስታወት አጎንብሶ አያት፤ ከንፈሩን መጠጠ። «ሥራዋስ ድንቅ ነበረች። አሁን ግን ውኃ ነክቷታል፤ ዋጋዋ ወድቋል። ተበላሽታለች» አለ፤ ያውም እናቴ ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ ብድግ አለች። «ምን አልክ? ጠበል የነካው ነው የሚበላሽ?»

ሰውዬው ያቀረብንለትን ምሳ እንኳ ሳይጨርስ በሐሙሲት በኩል የሚመልሰው መኪና ፍለጋ ወጣ። ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ። እናቴ የተቆጣችው ለጠበሉ እንጂ ለሥዕሌ አይደለም። የጓጓሁለት ቀን እንዲህ ሆኖ አለፈ፤ እኔም መስታወቷን መልሼ ስለሷ ማውራት ተውኩ።

አንድ ጠዋት የሱቅ ቁልፍ ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ቆማለች። ጠበሉ ያረፈበትን የምትሳለም መስሎኝ እንዳልረብሻት በሩ ላይ ቀረሁ። ጠጋ አለች፤ ራቅ አለች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደገና ጠጋ አለች። ለካ የእግሬን ኮቴ ሰምታዋለች።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል፤ «ይቺ ቢጫ ከሥር ናት ከላይ?»