እፍ በይበት

የሆስፒታሉ ሜትሮን፣ የነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበር ተመለሰች። የመለሰቻት ደግሞ ሥራ ከጀመረች ገና ወር ያልሞላት ነርስ ናት።

«እማማ፣ አስታማሚ እዚህ አይገባም» አለቻት ልጅቷ፣ በትሕትና ግን ፍንክች ሳትል። «ሲነቁ እኛ እንጠራዎታለን። አግዳሚው ላይ አረፍ ይበሉ።»

ደንቡን ያወጣችው ራሷ ሜትሮኗ ነበረች። ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው ማደንዘዣው እስኪለቀው ድረስ ቤተ ዘመድ አጠገቡ ድርሽ እንዳይል ብላ፣ ስንቱን አባወራ ከዚሁ በር ላይ አሳፍራ መልሳለች። ዛሬ ነጩን ጋውን አውልቃ የክት ቀሚሷን ስለለበሰች አዲሷ ነርስ አላወቀቻትም። ማንነቷን ብትናገር በሩ ወለል ብሎ ይከፈትላት ነበር። አልተናገረችም። እንደ ማንኛውም አስታማሚ ቦርሳዋን ታቅፋ ቁጭ አለች።

ከበሩ ወዲያ የተኛችው ታናሽ እህቷ ናት። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቀላል ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ለእነሱ ቀላል ነው፤ ተኝታ ያለችው የእነሱ እህት አይደለችማ።

የክት ቀሚሱም ያለ ነገር አልተለበሰም። በዚያው ግቢ፣ ከአትክልቱ ማዶ ባለው አዳራሽ፣ ዕድሜያቸውን በሙያው ላይ ያሳለፉ የነርስ መሪዎች የሚሸለሙበት ቀን ነበር፤ ከተሸላሚዎቹም ዋናዋ እሷ ናት። ከቀዶ ጥገናው በፊት ልትሰናበታት ብትገባ፣ ታናሿ ጋሪው አልጋ ላይ እንደተንጋለለች ቀሚሱን ከላይ እስከ ታች ቃኘችው።

«አምሮብሻል ሲስተር። በይ ሂጂ፣ ሽልማትሽን ተቀበዪ። እኔን እነሱ ያነቁኛል።»

እሺ ብላ ወጣች። አትክልቱ መሃል ስትደርስ ግን እግሯ እምቢ አላት። ዛሬ ዓይኗን ስትገልጥ አጠገቧ ካልተገኘሁ ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለኝም አለች በልቧ፤ ለማንም ሳትናገር ዞረች።

ያቺ «ሲስተር» የምትባል ቃል ናት ያዞረቻት። ነርስን ሰው ሁሉ ሲስተር ይላል፣ አያስከፋም። ታናሿ ግን በልጅነቷ «እታለም» ነበር የምትላት። ስሙ የጠፋው በታናሿ የሠርግ ቀን ነው። ሙሽራዋን የምታስጌጠው እሷ ነበረች፤ ቃል ገብታለች። ጠዋት «አንድ ጊዜ ዋርዴን አይቼ ልምጣ» ብላ ወጣች። አውቶቡስ ተገልብጦ ኖሮ ዋርዱ በቁስለኛ ተጥለቅልቆ ጠበቃት። ቤት ስትደርስ እንግዳው ተበትኖ፣ ወንበሩ እየተሰበሰበ ነበር። ሙሽራዋ ከነቬሎዋ በር ላይ ቆማ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ሲስተር» አለቻት። በአንቺታ ያደገች እህት «እርስዎ» ስትል ከጥፊ ይብሳል። እርስዎታው ውሎ አድሮ ቀረ። ሲስተሩ ግን ቀልድ ሆኖ ከረመ፣ ሁለቱም እየሳቁበት አረጁ። ታላቂቱ አንድም ቀን ከልቧ ስቃበት አታውቅም።

የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። መጋረጃው ነፋስ ሲያገኝ ያብጣል፣ መልሶ ይረግባል። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ በአትክልቱ ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል፣ ይሄዳል። «...የነርሶች ትምህርት ቤቱን ከአንዲት መጋዘን አንሥተው...» ይልና ይጠፋል። «...እናቶች ከታመሙ ልጆቻቸው ጎን እንዲያድሩ፣ ከአስተዳደሩ ጋር ተሟግተው...» ይላል ደግሞ። ይህቺ የሚያወሩላት ሴትዮ ጎበዝ ናት፣ ባውቃት ደስ ባለኝ፣ አለች ሜትሮኗ፤ እንቅልፍ ዓይኗ ላይ ሲዞር እየተሰማት።

ከዚያ ወዲያ የነቃችበትንና ያለመችበትን መለየት አቃታት። ኮሪደሩ ረዘመ፣ ረዘመና የልጅነት ቤታቸው ጓዳ ሆነ። እናታቸው ሥራ ውላ አልተመለሰችም። ታናሿ በትኩሳት ግላ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልላለች። እሷም ራሷ ገና ልጅ ናት፤ ልብስ ሲያጥብ የዋለ እጇን ሕፃኗ ግንባር ላይ ብታሳርፍ ቤቱ በጩኸት ቀለጠ።

«እጅሽ በረዶ ነው! እፍ በይበት እታለም!»

እፍ አለችበት። አሻሸችው። መልሳ ስትነካት ሕፃኗ ፀጥ አለች።

ነርስ የሆነችው ያን ቀን ነው፤ ዲፕሎማው በኋላ መጣ እንጂ። ሕመምተኛ ከመንካታቸው በፊት «እፍ በይበት! እፍ በልበት!» እያለች ተማሪዎቿን ቁም ስቅላቸውን አሳይታለች። እነሱም ዞር ስትል «እማማ እፍ» ይሏታል፣ የማትሰማ እየመሰላቸው። ድምፅ ማጉያው ስለዚህ ትንፍሽ አላለም። የሽልማት ንግግር የሚያዘጋጁ ሰዎች ትልቅ ትልቁን ነው የሚያዩት፣ ምን ይደረጋል።

ብንን ስትል በሩ ገርበብ ብሏል። አዲሷ ነርስ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ሁለት መዳፎቿን አፏ ላይ ገጥማ እፍ ትልባቸዋለች። አሻሸቻቸው፤ ከዚያ የሕመምተኛዋን ክንድ ያዘች። ሜትሮኗ ይህችን ልጅ አላስተማረቻትም። ከእሷ የተማረ ሌላ ሰው አስተምሯታል ማለት ነው። ደስታ ደረቷን ሞላው፣ እንባዋም መጣ፤ በመሐረቧ ቶሎ አበሰችው።

ነርሷ ቀና አለች። «እየነቁ ነው። እህታቸው ነዎት?»

«ሜትሮኗ ነዎት ወይ?» ብትባል ወዲያው በመለሰች። ለዚህኛው ጥያቄ ግን መጀመሪያ ከአግዳሚው ተነሣች።

«አዎ» አለች። «እህቷ ነኝ።»

«እንግዲህ ደንቡ አይፈቅድም...» ነርሷ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየች። «ሜትሮኗ ለጊዜው አዳራሽ ናቸው። ሳይመለሱ ቶሎ ይግቡ።»

«ግድ የለሽም፣ ዛሬ እሳቸው ምንም አይሉሽም።»

ገብታ ወንበሩን ሳበች። እጇን እፍ አለችበትና የታናሿን መዳፍ ያዘች። ያቺ ዓይኗን አልገለጠችም። ከንፈሯ ደርቋል።

«ሲስተር...» አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። «እህቴን እንዳትጠሩብኝ።»

ሜትሮኗ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች።

«ዛሬ ቀኗ ነው። እታለምን እየሸለሟት ነው። ካወቀች ጥላው ትመጣለች... እንዳትጠሯት።»

እታለም! ስሙ ለካ አልጠፋም። ከእሷ ተደብቆ፣ እሷ በሌለችበት ሲነሣ ኖሯል። ሜትሮኗ ውኃ በነከረችው ጥጥ የታናሿን ከንፈር አረጠበች። ከማዶ ጭብጨባው ጋብ አለና ድምፅ ማጉያው ተሸላሚዋን ወደ መድረክ ጠራ። ትንሽ ጠብቆ ደገመ።

«እጅሽ ይሞቃል» አለች ታናሿ። «እሷ ናት እንዲህ ያስተማረቻችሁ። እሷን ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሄደች አይደል?»

«ሄዳ ነበር» አለች ሜትሮኗ። «ተመልሳ መጥታለች።»

ታናሿ በግድ አንድ ዓይኗን ገለጠች። የክት ቀሚሱን አየችው። ቀጥላ ፊቷን አየች።

«አረፈድሽ፣ እታለም» አለች።

ዓይኗን መልሳ ከደነች። የያዘችውን እጅ ግን አልለቀቀችም። ከአትክልቱ ማዶ ድምፅ ማጉያው እንደገና ተጣራ፤ ሜትሮኗም አልተነሣችም፣ እጇ ተይዟል።