መንጋጋዬ የተቆለፈበት በልግ

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ዳቦ ነው። ጠዋት ለልጆቼ ቁርስ አቅርቤ፣ እኔም ሥራ ከመግባቴ በፊት አንድ ቁራሽ ልጎርስ ስል አፌ እንደ ልቡ አልከፈት አለኝ። አላመመኝም። ከጆሮዬ ሥር ያለው ጡንቻ ብቻ ደርቆ ነበር። ዳቦውን በሻይ አርሼ በትንሽ በትንሹ ዋጥኩትና የመንጋጋ ጥርሴ ሊያመኝ ነው ብዬ ወጣሁ።

ጽጌ እባላለሁ። በደርግ ዘመን፣ ሐዋሳን ገና አዋሳ በምንላት ጊዜ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባለቤቴ ታምሩ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ከነመኪናው ታዝዞ ወደ ሰሜን ከሄደ ወራት አልፈው ነበር። ሁለት ሴቶች ልጆች ይዤ ቀረሁ። ትልቋ ሰላም አንደኛ ክፍል ነበረች፤ ታናሿ ሄለን ገና አፏን እየፈታች ነበር።

የታምሩ ታላቅ እህት እትዬ አስናቀች ሻሸመኔ ነበር የሚኖሩት። በመጡ ቁጥር «ቤቱን ዘግተሽ ልጆቹን ይዘሽ እኔ ዘንድ ነይ፤ ብቻሽን አትችይውም» ይሉኝ ነበር። እችለዋለሁ እላለሁ። እንደምችል ማሳያዬ ደግሞ ጓሮዬ ሊሆን ነበር። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ሲጥል ከጎረቤቴ ከማርታ ጋር መሬቱን ቆፈርን። ማርታ የሲዳማ ልጅ ናት፤ ባሏ ከሐይቁ ዓሣ አውጥቶ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ ይሸጣል። ላሞች ስለነበሯት የበሰበሰ ፍግ ሰጠችኝ። ለጎመንና ለቲማቲም ችግኝ መደብ አወጣን፤ የካሮቱንና የቀይ ሥሩን ዘር በመስመር ዘራን።

ጭቃው ጫማዬን እየያዘ ስላስቸገረኝ አውልቄ በባዶ እግሬ ነበር የምሠራው። ፍጉን ከአፈሩ ጋር ስቀላቅል ከአሮጌው አጥር የወደቀ ምስማር ከአውራ ጣቴ ሥር ገባ። ነቅዬ ጣልኩት። ደሙ ብዙ አልነበረም። በውሃ አጥቤ በጨርቅ አሰርኩትና ችግኙን ፀሐይ ሳይመታው ልትከለው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቁስሉም ብዙ ሳይቆይ ደረቀ። ከሳምንት በኋላ ዳቦ አልጎረስ ሲለኝ እግሬ ትዝም አላለኝም።

ቁስል አጥቦ መድኃኒት የሚሰጥ የሰፈር ድሬሰር ዘንድ ሄድኩ፤ ለጥርስ ማስታገሻ ሰጠኝ። በማግሥቱ አንገቴ ደረቀ። ዘወር ለማለት ከነትከሻዬ መዞር ነበረብኝ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ሰላም ከደጅ ሮጣ መጣችና ፊቴን አይታ ቆመች።

«እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?»

አልሳቅሁም። መስተዋት ፊት ቆምኩ። ከንፈሮቼ ወደ ጎን ተስበው ጥርሴ ወጥቷል። ግንባሬ ተኮማትሯል። ፊቴን ላስተካክለው ሞከርኩ። እንቢ አለኝ።

ሰላም ማርታን ጠርታ መጣች። ማርታ አንዴ አየችኝና «ጽጌ፣ ይሄ የጥርስ አይደለም፤ ነይ እንሂድ» አለችኝ። ጋሪ አስቆመች። መንገዱ ድንጋይ ነበር። ጋሪው በነጠረ ቁጥር ጀርባዬ ይገተራል። መንገዱን ሳናጋምስ ለመጀመሪያ ጊዜ መላ ሰውነቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ራሴ ወደ ኋላ ተሳበ። ወገቤ እንደ ቀስት ተለጠጠ። ትንፋሼ ቆመ። ማርታ ባለጋሪውን ስትለምነው እሰማለሁ። ሁሉንም እሰማለሁ። ሰው የማያውቀው ይህንን ነው፤ ይህ በሽታ ሰውነትን ይቆልፋል እንጂ አእምሮን አይነካም።

በጤና ጣቢያው የነበረው ጤና መኮንን ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። በስፓቱላ፣ በምላስ መጫኛው እንጨት፣ ጉሮሮዬን ነካ ሲያደርግ ጥርሴ ስፓቱላውን ነክሶ ያዘ። እሱም ሊያስለቅቀኝ አልታገለም፤ እስኪላላ ጠበቀ።

«በቅርቡ ተወግተሻል? ምስማር? እሾህ?»

ዓይኔን ወደ እግሬ ላክሁ። ጣቴን ገልብጦ አየ።

«ቴታነስ ነው» አለ። «መንጋጋ ቆልፍ የምንለው። ይርጋለም ሆስፒታል ልልካት ይገባ ነበር፤ ግን መንገዱ ራሱ ይገድላታል። እዚሁ እንሞክራለን።»

ማርታ «ትድናለች?» አለችው።

«ነርቭ ላይ የተጣበቀውን መርዝ ማስለቀቅ አንችልም። እስኪለቃት ድረስ በሕይወት ማቆየት ነው ሥራችን።»

ቁስሉን ከፍቶ ያልጠራውን ቆርጦ አወጣ። አንቲቶክሲን ተወጋሁ። ፔኒሲሊን ተጀመረልኝ። ጡንቻዬን እንዲያላላ ዲያዜፓም በደም ሥሬ ገባ። በአፍንጫዬ ቀጭን ቱቦ ወደ ሆዴ ወረደ። ከዚያ የዕቃ ማስቀመጫ የነበረች ክፍል አስገቡኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈኑት። ብርሃን አይገባም። ድምፅ አይሰማም። ያለ ምክንያት ማንም አይነካኝም።

በር ሲንቋቋ ይይዘኛል። ማንኪያ ሲወድቅ ይይዘኛል። ሰው ሲያስል ይይዘኛል። ሐኪሞቹ ስፓዝም ይሉታል። እኔ ስም የለኝም ለእሱ። ከእግሬ ጣት እስከ ራሴ ድረስ ያለው ጡንቻ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠመዘዛል። ልጮኽ እፈልጋለሁ። አፌ ተቆልፏል። አየር ልስብ እፈልጋለሁ። ደረቴ ተቆልፏል። ሲለቀኝ በላብ እጠመቃለሁ። ከዚያ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ከሕመሙ የሚብሰው መጠበቁ ነበር።

አንድ ቀን ስፓዝሙ ይዞኝ ሳለ ከጀርባዬ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአከርካሪ አጥንቴ ነበር። ያኔ አላወቅሁም።

ማርታ መልእክት ልካ እትዬ አስናቀች ከሻሸመኔ መጡ። በሩ ገርበብ ሲል ጥላቸውን ግድግዳው ላይ አየሁ። አልጋዬ አጠገብ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወደ ማርታ ዞር ብለው በሹክሹክታ ተናገሩ።

«ይቺ ልጅ አትተርፍም። ታምሩንም የምናገኝበት መንገድ የለም። ልጆቹን ሻሸመኔ እወስዳቸዋለሁ፤ ቤቱም ይዘጋል።»

«እትዬ፣ በሕይወት አለች እኮ» አለች ማርታ።

«አያለሁ። ለቀሪዎቹ ነው የማስበው።»

ልጆቼን አትውሰዱብኝ ማለት ፈለግሁ። ምላሴ ከጥርሴ በስተጀርባ ታስሯል። ጣቴን ማንቀሳቀስ ፈለግሁ። የፈለግሁት ራሱ ስፓዝም ሆኖ መጣብኝ። ሁለቱም ደንግጠው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሰላምና ሄለን የትኛው ቤት እንዳሉ አላወቅሁም። ጨለማው ውስጥ ተኝቼ የሻሸመኔን መንገድ በሐሳቤ ስመላለስ ዋልኩ። ጠያቂ ሲመጣ ስለ ልጆቹ ያወራ እንደሆን ጆሮዬን እሰጣለሁ። ማንም አላወራም። እንዳልጨነቅ ብለው ነው ለካ።

ሁለቱ ሴቶች እየተፈራረቁ ያስታምሙኝ ነበር። እትዬ አስናቀች ኮቴ እንዳያስደነግጠኝ ነርሷም ሆነች ጠያቂው ደጃፍ ላይ ጫማ ካላወለቀ አያስገቡም። ማርታ በቱቦው የዓሣ ሾርባ ታወርድልኛለች፤ አጥንት እንዳይቀርበት በነጠላ ጫፍ እያጠለለች ታመጣዋለች። ስትጨርስ ትጸልያለች። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ስለታሸገ በየቤቱ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መጸለይ ለምደው ነበር። ጸሎቷ ከትንፋሿ አይበልጥም። ከሰው ድምፅ ሁሉ ያላስደነገጠኝ የእሷ ብቻ ነው።

የሠራተኞች ቀን እየቀረበ ሲመጣ ቀበሌው ከጤና ጣቢያው አጥር ውጭ ባለ እንጨት ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። ጠዋት ሰልፈኛ ይለማመዳል፤ መዝሙርና መፈክር ይለቀቃል። በመጀመሪያው ጠዋት ስንት ጊዜ እንደያዘኝ አላውቅም። በመጨረሻ ከንፈሬ ጠቆረ። ጤና መኮንኑ መድኃኒቱን ጨመረ።

«ከዚህ በላይ ከሰጠኋት እንቅልፉ ራሱ ትንፋሿን ያቆመዋል» ሲል ሰማሁት። «ድምፁ መቆም አለበት።»

ድምፁ ይቁም ማለት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሰው ከዚያ ባነሰ ቃል ታስሯል። እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። ብዙ ቆይተው ከበሩ ውጭ ድምፃቸውን ሰማሁ፤ የቀበሌውን ሊቀ መንበር አምጥተውት ነበር።

«እሜቴ፣ ለአንዲት በሽተኛ ብለን በዓሉን እንተው ነው የሚሉኝ?» አላቸው።

«እኔ ምንም አልልህም፤ ገብተህ እያት። ጫማህን ግን አውልቅ።»

ጫማውን ሲፈታ ሰማሁ። በሩ ተከፈተ። የበሩ መከፈት ብቻ ስፓዝሙን ቀሰቀሰብኝ። ሲይዘኝ ከእግሬ ሥር ቆሞ ነበር፤ ዓይኔ አልተዘጋምና አየሁት። ወጣት ነው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሲለቀኝ በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ወጣ። ውጭ ምን እንዳለ አልሰማሁም። በማግሥቱ ድምፅ ማጉያው ወደ ሐይቁ በኩል ተዛውሮ ከሩቅ ይሰማ ጀመር። የበዓሉን ዕለት ግን ማንም ሊያስቀረው አይችልም ነበር፤ ሰልፉ ሲያልፍ እትዬ አስናቀች በሁለት እጃቸው ጆሮዎቼን ይዘው አጎንብሰውብኝ ዋሉ።

ከበዓሉ በኋላ በስፓዝሞቹ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ መጣ። አንድ ጠዋት ነርሷ ማንኪያ ከእጇ አምልጧት ወለል ላይ ሲንኳኳ ሁላችንም ጠበቅን፤ ምንም አልሆነም። ጤና መኮንኑ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ጫፍ ትንሽ ገለጥ እንዲያደርጉት አዘዘና ቀጭን ብርሃን አልጋዬ ላይ ወደቀ፤ እያየሁት እንባዬ ወረደ። መንጋጋዬ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፈተ። ቱቦው ወጣ። የመጀመሪያ ቃሌ ሻካራ ነበር።

«ልጆቼ የት ናቸው?»

«የት ይሄዳሉ? ቤታቸው ናቸው» አሉ እትዬ አስናቀች።

«ሻሸመኔ እወስዳቸዋለሁ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

እጃቸው ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ሰማሽኝ?»

«ሁሉንም ሰማሁ።»

አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «የምትሞቺ መስሎኝ ነበር፣ ጽጌ። በነጋታው ልወስዳቸው ልብሳቸውን ስሰበስብ ሰላም በሩ ላይ ተቀምጣ፣ ‹እማዬ ስትመጣ ማን ይከፍትላታል?› አለችኝ። እሷን አልፌ መውጣት አቃተኝ። እዚሁ ቀረሁ።» ቆይተው ደግሞ፣ «ያንን ሰምተሽ ኖሮ፣ እንዳልወሰድኳቸው ግን ሳልነግርሽ ቀረሁ» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እጃቸውን ያዝኩት፤ ጣቶቼ ለመጨበጥ ገና ደካሞች ነበሩ።

ቤቴ የገባሁት በማርታና በእትዬ አስናቀች ትከሻ ተደግፌ ነው። አከርካሪዬ ላይ ስንጥቅ ስለነበረ ከአልጋ ወደ ወንበር መሄድ እንኳ ረጅም ጉዞ ይመስለኝ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ወንበሩን ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ጓሮ አወጡልኝና ከዚያ ሆኜ መደቦቼን አየሁ። ቲማቲሙን ዋግ አድርቆታል። ጎመኑን የሰው ፍየል ገብቶ በልቶታል። ካሮቱን እትዬ አስናቀች ውሃ ሳያጓድሉበት ቆይተዋል፤ እየተነቀለ መሳሳት እንዳለበት ግን ስላላወቁ ተጨናንቆ፣ እርስ በርሱ ተጠማዝዞ ነው ያደገው። ሰላም እየነቀለች ታጥባለች፣ እትዬ አስናቀች ይቀቅሉና ይደፈጥጡልኛል፣ እኔም ልጆቼን ግራና ቀኝ አስቀምጬ በማንኪያ እበላለሁ። ታምሩ ከወራት በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ የሆነውን ሁሉ የነገሩት እህቱ ናቸው፤ እኔ መናገሩ ይከብደኝ ነበር። ወገቤ ዛሬም ብርድ ሲነካው ያመኛል። ጓሮ ግን አልተውኩም፤ በሚቀጥለው በልግ መቆፈር ስላልቻልኩ ማርታ ቆፈረች፣ እኔ ቦቲ ጫማ አድርጌ ተቀምጬ ተከልኩ።

ለማርታ፣ ለእትዬ አስናቀች፣ ለዚያ ዝግ ብሎ ለሚናገር ጤና መኮንን፣ ጫማውን አውልቆ ለገባው ሊቀ መንበርም ምስጋናዬ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ነው። ይህን የምታነቡ አትክልተኞች፣ ፍግ ባለበት መሬት ላይ በባዶ እግራችሁ አትቁሙ። ከተወጋችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡ፤ ትንሽ ነው ብላችሁ ሳትንቁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ክትባቱን ተከተቡ። እኔን ጤና መኮንኑ ሲያሰናብተኝ፣ «አንዴ ይዞኛልና ሁለተኛ አይዘኝም እንዳትዪ፤ በሽታው አይከላከልልሽም፣ ክትባቱ ነው የሚከላከልልሽ» ብሎ ክንዴን ወጋኝ። አፌ አልከፈት አለ የሚላችሁ ሰው ካለም ጥርስ ነው ብላችሁ አትተዉት።

አስታማሚ ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ታማሚያችሁ ዓይኑን ባያንቀሳቅስም፣ ባይመልስላችሁም ይሰማል ብላችሁ ቁጠሩ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ በስሙ ጥሩት። ቀኑ ምን እንደሆነ ንገሩት። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹ የት እንዳሉ ንገሩት።