ከለቅሶው ጀመርኩ

የአክስቴ ባል ሶዶ ውስጥ ቪዲዮ አንሺ ነው። ሰርግ፣ ምረቃና ለቅሶ ያነሳል። ያነሳውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ወጥ ቤቱ ቁምሳጥን አናት ላይ ባቆመው፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሚይዝ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ከዋይፋዩ ጋር ስለተያያዘ ከየትኛውም ክፍል ይከፈታል። በዚህ ክረምት አንደኛው ዲስክ መንቋቋት ሲጀምር እኔን ጠራኝ። ኮምፒውተር የተማርኩት ከዩቲዩብና ሰዎች ከጣሏቸው ዕቃዎች ቢሆንም ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሳጥኑን ሳወርደው እጄ ላይ ተጣበቀ። የወጥ ቅባትና አቧራ ተለውሰው ሙጫ ሆነዋል። ክዳኑን ስፈታ በረሮዎች በክንዴ ላይ ሮጡ። ሙቀቱን ወደው ውስጡ ሰፍረዋል። ማራገቢያው ሥር የሞቱት ቅርፊት ተከምሯል፤ ኩሳቸው እንደ ተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ተበትኗል፤ እንቁላላቸው ዲስኩ የሚገባበት ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። በጥጥና በአልኮል ሦስት ጊዜ ጠረግኩት። ሦስተኛው ጥጥም ቡናማ ሆኖ ወጣ።

ሰውየው አጠገቤ ቆሞ ቁርጥ ይበላል። የሥጋ ማባያውን ዳጣ በነካ ጣቱ አንዱን ዲስክ ገፋ አድርጎ፣

«ይሄ ነው የሚጮኸው?» አለኝ። የጣቱ አሻራ በቀይ ቅባት ታተመበት።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይታጠቡ።»

«ከበረሮው የኔ እጅ ቆሸሸብህ?» ብሎ ሳቀ።

ዲስኩን እንደገና ጠረግኩት።

ሁለቱ ዲስኮች ቦታ እንዲበዛ ተብሎ እንደ አንድ ተጣምረው ነበር። ሬይድ ዜሮ ይሉታል። እያንዳንዱ ፋይል ተቆራርጦ ሁለቱም ላይ ይበተናል፤ አንዱ ከሞተ የሌላው ግማሽ ለምንም አይሆንም። እኔ ወደ ሬይድ አንድ ልለውጠው ነው፤ ያኔ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል። ለውጡ ግን ሁሉንም ያጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ወደ እኔ ዲስክ መገልበጥ አለበት። ቦታውም በግማሽ ይቀንሳል። ካለው ፋይል ሲሶው መቅረት ነበረበት።

«ለቅሶውን አጥፋው» አለኝ እያኘከ።

ፎልደሩን ከፈትኩት። ተበላ፣ ጉኑኖ፣ ዲምቱ፤ በየቦታው ስም የተቀመጡ ቀብሮች ናቸው። ከእሱ በታች ለሰው በፍላሽ የሚጭናቸው የሕንድና የቱርክ ፊልሞች አሉ፤ ከለቅሶው ብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

«ከፊልሙ ብንቀንስ የቀረው ሁሉ ይተርፋል።»

«ፊልም ሰው በየቀኑ ይጠይቀኛል። ሙት መጥቶ ጠይቆኝ አያውቅም።»

አክስቴ ከምድጃው ዞር አለች። «የተበላዋስ? ለልጅቷ መርዶ ገና አልተነገራትም እኮ።»

ነገሩን ያኔ ሰማሁ። ተበላ ከተማ አንዲት እናት ሞታ ልጇ ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች። ቤተሰቡ፣ እንደ ልማዳችን፣ ብቻዋን በባዕድ አገር እንዳትሰማ ደብቋታል። ስትመጣ ሽማግሌዎች ማልደው ይነግሯታል። ቪዲዮው የተነሳው ለእሷ ነው፤ ማን እንደመጣና እናቷን ማን እንደተሸከመ እንድታይ። ወንድሟ እስክትመጣ ያዝልን ብሎ አደራ ሰጥቷል።

«እናቷ መሞቷን አታውቅም» አለ የአክስቴ ባል። «ያላወቀችውን ምን ብላ ትጠይቀኛለች?» ከዚያ ጣቱን ላሰ።

በረሮው ቆዳዬን ነበር ያስጠላው። ይሄኛው ግን ከቆዳ አለፈ። መከራከር አልችልበትም፤ ተናግሬ የረታሁትን ቀን አላስታውስም። ዲስኬን ሰካሁና መገልበጥ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ የተበላውን፣ ቀጥሎ የቀረውን ለቅሶ፣ ከዚያ ሰርጉን፣ ፊልሙን መጨረሻ።

እኩለ ቀን ላይ ነቃብኝ።

«ከምን ጀመርክ?»

«ከለቅሶው።»

«አጥፋ አላልኩህም?»

«መጀመሪያ ይገልበጥ።»

ወደ አክስቴ ዞሮ በወላይትኛ ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ የእናቴን ቋንቋ እንደማልሰማ።

አስር ሰዓት ገደማ ፊልሙ ሩቡን ሳይጨርስ ዲስኩ ሦስት ጊዜ አንኳኩቶ ፀጥ አለ። መብራቱ ቀላ። አጥፍቼ አበራሁ፣ ማስገቢያውን ቀየርኩ፤ አልተነሳም። የቀሩት ፊልሞች በሙሉ ሄዱ።

«ሙታኑን አድነህ ፊልሜን ገደልክብኝ» አለ። «ፓስተር ብትሆን ይሻልህ ነበር።»

የተገለበጠ ፋይል ሳላየው ተርፏል አልልም። የተበላውን ከፍቼ መጀመሪያውን፣ መሐሉንና መጨረሻውን አየሁ። አስከሬኑ በእንሰቱ መሐል ሲያልፍ፣ ሴቶቹ ወገባቸውን ታጥቀው ሲከተሉ። መጨረሻ ላይ አንድ ሽማግሌ ወደ ካሜራው ቀረብ ብለው ልጅቷን በቁልምጫ ስሟ ጠሯት። «ሁላችንም ነበርን። ብቻዋን አልሸኘናትም» አሏት በወላይትኛ።

የሞተውን ዲስክ አውጥቼ አዲስ ተካሁ፣ አሠራሩን ለወጥኩ፣ ሁሉንም መለስኩ። ፋይሉ እየተመለሰ ሳለ ሰውየው ጥርሱን እየጎረጎረ ለልጅቷ ወንድም ስልክ ደወለ፤ ድምፁን ለሁላችንም ከፍቶ።

«ዲስኩ ተቃጥሎብኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ እህል ሳልቀምስ የእናታችሁን አተረፍኩ።»

ወንድምዬው መረቀው። ረጅም ምርቃት ነበር፤ ልጆቹን፣ ቤቱን፣ እጁን።

«የኔም እናት ናቸው» አለ የአክስቴ ባል፤ ሳህኑን ወደ ጎን እየገፋ።

አክስቴ መሬት መሬት ታያለች። ዲስኬን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ ብላ ብትለኝም ሳልበላ ወጣሁ። የተበላውን ቅጂ አላጠፋሁትም፤ ያንን ሰው ሁለት ዲስክ ይዞም አላምነውም።

ልጅቷ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ትመጣለች አሉ። እስከዚያ የእናቷ ቀብር በፎጣ ተጠቅልሎ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ለእሷ የተባለውን ቃል ከእሷ ቀድሜ ሰምቼዋለሁ። ማየት ስለነበረብኝ ነው ያየሁት፤ ቢሆንም ባስታወስኩት ቁጥር የእሷን ነገር ባልታጠበ እጅ የነካሁ ይመስለኛል።