ዘይት የሚያሸተው ሰው

ሰፈሩ «አፍንጫው» ይለዋል። ስድብ አይደለም፤ ለሞያው የተሰጠው ክብር ነው። በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙ መኪኖችን ሞተር መሥራት ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሰዉ ስለ ጎማና ስለ ፈረስ ጉልበት ሲከራከር እሱ የሚያስበው ስለ ዘይት ነው። ቀጭን ዘይት ሞተሩን ያቀለዋል፤ ሲግል ግን ብረትን ከብረት አያድንም። ወፍራሙ ያድናል፤ ግን ይጎትታል። የትኛው ለየትኛው ሞተር እንደሚስማማ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላም የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ፣ ጠብታውን በሁለት ጣቶቹ መሃል አሽቶ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ነዳጅ ሾልኮ የገባበት ዘይት ስለሚቀጥን ወዲያው ያስደፋዋል። መሣሪያ ግዛ ሲሉት፣ እግዜር የሰጠኝ እያለ ምን ልሁን ብሎ ይስቅ ነበር።

ባለፈው ክረምት ክፉ ጉንፋን ያዘው። ሲሻለው ሳሙናውም፣ ቤንዚኑም፣ የሚቃጠለው ላስቲክም አንድ ሆነበት። ለማንም ትንፍሽ አላለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ሌላውን ሲመክር የኖረ ሰው፣ ተረቱ ለራሱ ሲሆን ጠፋው።

አሁን የሚሠራትን መኪና የምትነዳው የእህቱ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ዘይት ቀጥኖ ሞተሩ ቢፈነዳ የሚረጨው ከኋላ ጎማዋ ሥር ነው፤ መኪናዋ ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ግንብ ጋር ትላተማለች። ይህን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እያወቀ አምስት ወር ሙሉ ዘንጉን እየመዘዘ፣ የማይሸተውን እያሸተተ፣ ደህና ነው ሲል ከረመ። ያሳፍራል፤ እሱም ያፍር ነበር።

አንድ የውድድር ቀን፣ የመጨረሻው ዙር ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው እንደ ልማዱ ዘንጉን መዘዘ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ነው የዋለው። አሸተተ፤ ምንም የለም። ልጅቱ ቁርጥ የእናቷን አገጭ ቀና አድርጋ የራስ ቁሯን ስታጠልቅ አያት፤ «ደህና ነው» የሚለውን የለመደ ቃሉን ተወው።

«አይሸተኝም» አላት። «ከክረምት ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።»

የራስ ቁሯን አወለቀች። አልደነገጠችም።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ከጉንፋኑ በኋላ አንድ ጠዋት ወተት አርሮ ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ እንደነበር ነገረችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ደህና ነው ብሎ ዞር ሲል፣ ዘንጉን ራሷ መዝዛ ታሸት ነበር። ሁለት ጊዜ ነዳጅ ሸቷት፣ እሱ ምሳውን እስኪበላ ዘይቱን ደፍታ ሌላ ሞልታለች።

ጎማ ላይ ተቀመጠ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ብዬ ነዋ» አለችው። የራስ ቁሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ዛሬ ግን ተደብቄ የምለውጥበት ጊዜ የለም። ደህና ነው ብትለኝ ኖሮ፣ አንተን ላለማሳፈር ሳላሸት እገባ ነበር።»

ዘንጉን ዘረጋላት። አንዴ አሽትታ፣ ነዳጁ ሸቷት ፊቷን አዞረች። እሱም ዘይቱን ሊደፋ መፍቻውን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ፤ እንባውንም እዚያው ጠረገ።