ሩዝ ይዘን ወደ ቲያትር ቤት

ታናሽ እህቴ የሒሳብ ሥራዋን ትታ ቲያትር መሥራት መጀመሯን ከአዲስ አበባ በስልክ ስትነግረን እናቴ አልተቆጣችም፤ ዝም አለች። ወረታ ገበያ ሩዝ ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ዝም ካለች ዋጋ ልትቆርጥ ነው። በመጨረሻ «መጥቼ አየዋለሁ፤ ካላማረኝ ይዤሽ እመለሳለሁ» አለቻት። እህቴም እሺ አለች። እኔ አጃቢ ሆንኩ።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አርፈን፣ በማግስቱ ታክሲ የቲያትር ቤቶቹ መንገድ ላይ አወረደን። ገና ልጅ ሳለሁ በሬዲዮ ስሰማው የኖርኩት መንገድ ነው። ግድግዳው ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የተዋናዮች ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ ከፎቶዎቹ ሥር ሰዎች ጫማቸውን ያስጠርጋሉ። ካፌዎቹ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ከሚጠጣው ሰው ግማሹን የማውቀው መሰለኝ። እኔ ጥግ ጥጉን ስሄድ እናቴ እያንዳንዱ ፎቶ ፊት እየቆመች ትመረምራለች። የእህቴን ከታች፣ ከሁሉም አንሶ አገኘነው።

«ከስታለች» አለች እናቴ።

ልጅ ሊጠይቁ ባዶ እጅ አይኬድም ብላ የፎገራ ሩዝ በከረጢት ይዛለች። በሩ ላይ ጥበቃው አስቆማት።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሩዝ።»

«ቲያትር ቤት?»

«ቲያትረኛ አይበላም እንዴ?»

እየሳቀ ተቀብሏት ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

ሊቀበለን የመጣው ጎልማሳ ተዋናይ ነበር፤ እህቴ ልብስ እየለበሰች ስለነበር እሱን ልካዋለች። እናቴ ወዲያው አወቀችው፤ በቴሌቪዥን ድራማ ሚስቱን በትኖ የሄደው ባል ነው። እጇን በግማሽ ልብ ሰጠችው።

«ከሚስትህ ታረቃችሁ?»

«ገና ነን እማማ። እርስዎ ሽማግሌ ይሁኑኝ።»

«መጀመሪያ አመልህን አስተካክል።»

እኔ ጫማዬን አየሁ።

አዳራሹ ገብተን ተቀመጥን፤ መጋረጃው ተከፈተ። ለካ በዚህኛው ቲያትር የእህቴ ባል እሱ ኖሯል። መንገድ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ፤ መርዶው መጣ። እህቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ መድረኩ መሐል ቆማ ታለቅስ ጀመር። ይሄኔ እናቴ ብድግ አለች። የነጠላዋንም ጥለት ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ወደ ትከሻዋ አዞረችው። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ቆማ እያለቀሰች መቀመጥ ነውር ነው።

«እማዬ፣ ቲያትር እኮ ነው» አልኳት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ልጄ ቆማ ስታለቅስ እኔ ልቀመጥ?»

ከኋላ አንዱ «እማማ፣ አይታየንም» አለ።

«ተነሥተህ እይ» አለችው።

ሰው ሳቀ። እህቴም ቀና ብላ አየችን። በጨለማው አዳራሽ አንድ ነጭ ነጠላ ቆሞ ሲታያት ምን እንዳሰበች ወዲያው ገባኝ፤ እናቴ ጥላት ልትወጣ መስሏታል። ድምፅዋ ተቆረጠ። የሚቀጥለው ቃል አልመጣም።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጥናቴን ያቀረብኩት ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ ነው። ያን ቀን ግን ተነሣሁ። ከእናቴ ጎን ቆሜ፣ ፊቴን ወደ መድረኩ አድርጌ፣ ነጠላዬን እንደ እሷ አዞርኩ። ወደ በሩ አለመዞራችንን እህቴ እንድታይ ብቻ ፈለግሁ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌም ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ቆሙ።

አየችን። ለቅሶዋን ከተወችበት ቀጠለች፤ አሁን ግን ድምፅዋ ከቅድሙ ሞላ ብሏል። በመጨረሻ መድረኩ ላይ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ቁጭ ስትል እናቴም «እህ» ብላ ተቀመጠች።

ሲያልቅ ከረጢታችንን ተቀብለን በር ላይ ጠበቅናት። ኩሏን እንኳ በደንብ ሳታጥብ መጣች።

«ልትወጪ መስሎኝ ነበር» አለቻት።

«ለቅሶ ተጥሎ ይወጣል?»

«ታዲያ... ልብሴን ልሸክፍ?»

እናቴ ከረጢቱን አንሥታ አስታቀፈቻት። «ይሄን ብዪ። ሲያልቅ ሌላ እልክልሻለሁ።»

ሟቹ ባሏ ከኋላዋ ሳንድዊች እየገመጠ ብቅ አለ። እናቴ ከእግር እስከ ራሱ አየችውና በዚህ ጊዜ እጇን ሙሉ ዘረጋችለት።

«አንተስ» አለችው፣ «ስትሞት ይሻልሃል።»